ለስላሳው የዓይን ሌንስ፦ ምቾቱም ጉዳቱም ከቅርጹ ይጀምራል

በመነጽር ምትክ በቀጥታ በዓይን ላይ የሚደረገው ለስላሳ ሌንስ ስፋቱ ከሸሚዝ ቁልፍ ጥቂት ቢበልጥ ነው። የመሐሉ ውፍረትም ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ አያልፍም። ይህን ስስ ነገር አንዱ ሰው ቀኑን ሙሉ አድርጎት ሲውል መኖሩን እንኳ ይረሳዋል። ሌላው ግን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ዓይኑ ይቀላበታል፤ አሸዋ እንደገባበት ሰው እያሸ ለማውጣት ይቸኩላል።

ልዩነቱ የዕድል ጉዳይ አይደለም። ሌንሱ የተሠራበት ቅርጽ፣ ጠርዙ፣ ውፍረቱና የተሠራበት ቁስ ከለባሹ ዓይን ጋር መስማማታቸው ወይም አለመስማማታቸው የሚያመጣው ልዩነት ነው። ያልተስማማ ሌንስ የሚያስከትለው ምቾት ማጣትን ብቻም አይደለም። የዓይንን ፊተኛ ገጽ ሊያቆስል፣ ቁስሉም ለተሕዋስያን መግቢያ በር ሊሆን፣ ሲጸናም እስከ ወዲያኛው የማይጠፋ ጠባሳ ትቶ እይታን ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ሌንስ የሚያደርግም ሆነ ለማድረግ የሚያስብ ሰው ከቀለሙና ከዋጋው በፊት ልኩን ማወቅ ይኖርበታል።

ከአየር የሚተነፍሰው የዓይን ክፍል

የሌንስን ልክ ለመረዳት አስቀድሞ ሌንሱ የሚያርፍበትን ቦታ ማወቅ ይገባል። በተለምዶ የዓይን ብሌን የሚባለው፣ በሕክምናው ቋንቋ ኮርኒያ የተሰኘው የዓይን ፊተኛ ክፍል ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ጉብ ያለ መስኮት ነው። የጎን ስፋቱ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የመሐል ውፍረቱ ደግሞ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ጥቂት ከፍ ያለ ነው።

ይህ መስኮት ጥርት ብሎ እንዲያሳይ በውስጡ የደም ሥር የለውም። ሌላው የሰውነት ክፍል ኦክስጅን የሚያገኘው በደም አማካኝነት ሲሆን፣ የዓይን ብሌን ግን አብዛኛውን ኦክስጅን የሚወስደው ፊቱን ከሸፈነው እንባ፣ እንባውም ከአየር ነው። ሰው ሲተኛ ቆቡ ስለሚዘጋ ለብሌኑ የሚደርሰው ኦክስጅን ዓይን ተገልጦ ከሚያገኘው ወደ ሲሶ ገደማ ይወርዳል። ያለ ምንም ሌንስ ቢታደርም ብሌኑ ሌሊት በጥቂቱ ያብጣል፤ ጠዋት ዓይን ሲገለጥ ግን እብጠቱ ይወርዳል።

ሌንስ ሲደረግ በብሌኑና በአየሩ መካከል አንድ ተጨማሪ ሽፋን ይገባል። ስስ የሆነውንም እንባ ለሁለት ይከፍለዋል። ግማሹ ከሌንሱ በላይ፣ ግማሹ ከሌንሱ በታች ይሆናል። የላይኛው ቆቡ ሳይፋጭ እንዲንሸራተት ያግዛል፤ የታችኛው ደግሞ ብሌኑን ያረጥባል፣ የሞቱ ሕዋሳትንና ቆሻሻንም ጠርጎ ያወጣል። ጥሩ ሌንስ የሚባለው እንግዲህ ሁለቱም የእንባ ንጣፎች ሥራቸውን እንዲሠሩ የሚፈቅድ ነው።

ከመስታወት እስከ ለስላሳ

የመጀመሪያዎቹ የዓይን ሌንሶች እ.ኤ.አ በ1880ዎቹ መጨረሻ በአውሮፓ ከመስታወት የተሠሩ፣ ከባድና ከጥቂት ሰዓት በላይ የማያስቀምጡ ነበሩ። መንገዱን የቀየረው የቼክ ኬሚስት ኦቶ ቪችተርለ ነው። ቪችተርለ ከባልደረባው ድራሆስላቭ ሊም ጋር ውኃ የሚመጥና እንደ ጄል የሚለሰልስ ፕላስቲክ ፈጠረ። እ.ኤ.አ በ1961 የገና ሰሞን ደግሞ ከልጆች የብረት መገጣጠሚያ መጫወቻና ከብስክሌት ዳይናሞ ባበጃት መሣሪያ፣ ፈሳሹን በፍጥነት እያሽከረከረ የመጀመሪያዎቹን ለስላሳ ሌንሶች በቤቱ ሠራ። እ.ኤ.አ በ1971 ለስላሳ ሌንስ በአሜሪካ ለሽያጭ ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ማሻሻል ሁሉ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው፦ ሌንሱን ዓይን እንዳይሰማው፣ ብሌኑም እንዳይታፈን ማድረግ የሚቻለው እንዴት ነው?

የቅሉ ምሳሌ፦ ጉብጠት፣ ስፋትና ጥልቀት

በሌንስ ማሸጊያ ላይ ከመነጽር ቁጥሩ ሌላ ሁለት ልኬቶች ተጽፈው ይገኛሉ። አንደኛው የሌንሱ ውስጠኛ ጉብጠት ሲሆን፣ በለስላሳ ሌንሶች ብዙ ጊዜ ከ8.3 እስከ 9.0 ሚሊ ሜትር ባለው መካከል ይሆናል። ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ይበልጥ የጎበጠ፣ ሲበዛ ደግሞ ዘርጋ ያለ ነው። ሁለተኛው ከዳር እስከ ዳር ያለው ስፋት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ 14 ሚሊ ሜትር ግድም ነው። ለስላሳ ሌንስ ከብሌኑ ሰፋ ብሎ በዙሪያው በነጩ የዓይን ክፍል ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል እንዲያርፍ ተደርጎ ይሠራል።

ብዙ ሰው የሌንስን ልክ በጉብጠቱ ቁጥር ብቻ ይመዝነዋል። ይህ ግን ግማሽ እውነት ነው። ነገሩ በቅል ይገለጣል። ከአንድ ድቡልቡል ቅል ጫፍ ላይ ትንሽ ቁራጭ ቢቆረጥ እንደ ዝርግ ክዳን ያለ ነገር ይወጣል። ከዚያው ቅል ወረድ ብሎ ሰፋ ያለ ቁራጭ ቢወሰድ ደግሞ ጎድጎድ ያለ ዋንጫ ይሆናል። ሁለቱም ከአንድ ቅል የመጡ ስለሆኑ ጉብጠታቸው አንድ ነው፤ ጥልቀታቸው ግን ለየቅል ነው። በዓይን ላይ የሌንሱን መጥበቅና መላላት በዋናነት የሚወስነውም ይኸው ጥልቀት ነው።

በቁጥር ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ቅርጹ ቀላል የክብ ቁራጭ ነው ተብሎ ቢሰላ፣ ውስጠኛ ጉብጠቱ 8.6፣ ስፋቱም 14.2 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌንስ 3.75 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥልቀት ይኖረዋል። ጉብጠቱ ሳይነካ ስፋቱ ብቻ ወደ 13.8 ቢቀንስ ጥልቀቱ ወደ 3.47 ይወርዳል። ስፋቱ ባለበት ሆኖ ጉብጠቱ ወደ 8.3 ቢጠብቅ ደግሞ ጥልቀቱ 4.0 ይደርሳል። በስፋት ላይ የተደረገች የ0.4 ሚሊ ሜትር ለውጥ በጉብጠት ላይ ከተደረገ የ0.3 ለውጥ ባላነሰ ሁኔታ ልኩን ታዛባለች ማለት ነው።

የእውነተኛ ሌንሶች ቅርጽ ከዚህ ስሌት የተወሳሰበ ነው። ብዙዎቹ ከመሐል ወደ ዳር ጉብጠታቸው ይለዋወጣል። በዚህም ምክንያት ሁለት አምራቾች አንድ ዓይነት ቁጥር የጻፉባቸው ሌንሶች በአንድ ዓይን ላይ ሁለት ዓይነት ጠባይ ሊያሳዩ ይችላሉ። በመድኃኒት ቤት ወይም በገበያ "ቁጥሩ ያው ነው" ተብሎ ሌንስ መቀየር የማይመከረውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የተመቸ ሁሉ የተስማማ አይደለም

ልኩን የጠበቀ ለስላሳ ሌንስ ብሌኑን በሁሉም አቅጣጫ ሸፍኖ መሐል ላይ ይቀመጣል። ዓይን በተርገበገበ ቁጥርም ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ንቅንቅ ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህች ትንሽ እንቅስቃሴ ከሌንሱ በታች ያለው እንባ እንዲታደስ ታደርጋለች።

ሌንሱ ላላ ካለ ከሚገባው በላይ ይንሸራተታል፤ ጠርዙ ከዓይን ተነስቶ ቆቡን ይቆረቁራል። ለባሹ ዓይኑን ባርገበገበ ቁጥር እይታው ይደበዝዛል። ይህ ጉድለት ወዲያው ስለሚሰማ ለባሹ ራሱ ይደርስበታል።

አታላዩ ጥብቁ ሌንስ ነው። ጥብቅ ሌንስ አይንቀሳቀስምና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንዲያውም ከትክክለኛው የበለጠ ሊመች ይችላል። ነገር ግን ከሥሩ ያለው እንባ አይታደስም፤ ቆሻሻው ተዘግቶበት ይቆያል፤ ጠርዙም በነጩ የዓይን ክፍል ላይ ይጫናል። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ዓይን ይቀላል፣ ይደርቃል፣ ያቃጥላል። ሌንሱ ሲወጣ በነጩ ላይ እንደ ቀለበት ያለ ምልክት ሊታይ ይችላል። ጠባብ ጫማ ገና ሲጫሙት እግር ይይዛል፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ከመንገድ በኋላ ነው። ሌንስም እንዲሁ ነው።

ስለሆነም ባለሙያ ሌንሱን በዓይን ላይ ካደረገ በኋላ ወዲያው አይፈርድም። ሌንሱ እስኪረጋ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይጠብቃል። ከዚያም በማጉያ መሣሪያ ማረፊያውንና እንቅስቃሴውን ይመለከታል፤ የታችኛውን ቆብ በጣቱ ወደ ላይ ገፋ አድርጎም ሌንሱ በቀላሉ ተንሸራቶ መመለሱን ይፈትሻል። ለባሹ ለተወሰኑ ቀናት ከተጠቀመ በኋላ ተመልሶ መታየቱም የምርመራው አካል ነው።

ጠርዝና ውፍረት

በቀን ውስጥ ቆብ በሌንሱ ጠርዝ ላይ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይመላለሳል። የጠርዙ አሠራር ለምቾት ያለው ድርሻም በዚያው ልክ ነው። ክብና ወፈር ያለ ጠርዝ ለነጩ የዓይን ክፍል የዋህ ነው፤ ቆቡ ግን ይሰማዋል። ስልና ስስ ጠርዝ ለቆቡ የሚመች ሲሆን፣ በአንጻሩ ነጩን ሊጫን ወይም ሊፍቅ ይችላል። አምራቾች በሁለቱ መካከል የሚያስታርቅ ቅርጽ ይፈልጋሉ። አንዱ ሰው የተመቸው ሌንስ ለወንድሙ የማይመችበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ውፍረትም የራሱ ድርሻ አለው። ርቀት ማየት ለሚቸግረው ሰው የሚሠራ ሌንስ መሐሉ ስስ፣ ዳሩ ወፍራም ነው። ቅርብ ማየት ለሚቸግረው ደግሞ መሐሉ ይወፍራል። ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ውፍረቱ ስለሚጨምር የሚያሳልፈው ኦክስጅን ይቀንሳል።

የመነጽር ቁጥርም እንዳለ ወደ ሌንስ አይገለበጥም። መነጽር ከዓይን 12 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ ሲቀመጥ፣ ሌንስ ግን በዓይኑ ላይ ያርፋል። በዚህ ምክንያት ኔጌቲቭ 6 የመነጽር ቁጥር ያለው ሰው የሚያስፈልገው ሌንስ ኔጌቲቭ 5.5 አካባቢ ነው።

ብሌናቸው በሁሉም አቅጣጫ እኩል ያልጎበጠ፣ አስቲግማቲዝም የተባለው ችግር ያለባቸው ሰዎች ደግሞ በዓይን ላይ የማይዞር ሌንስ ይሻሉ። እንዳይዞር ሲባል ከሌንሱ የተወሰነ ክፍል ወፈር ተደርጎ ይሠራል፤ ቆቡም በተርገበገበ ቁጥር ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ሌንሱ ጠብቆ ዘንበል እንዳለ ቢቀር ወይም ላልቶ ቢሽከረከር እይታው ይዛባል። ልክ ለእነዚህ ሰዎች የምቾት ብቻ ሳይሆን የማየትም ጉዳይ ነው። ብሌኑ እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት የወጣ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚረዳው ጠጣሩ፣ አየር የሚያሳልፈው ሌንስ ነው እንጂ ለስላሳው አይደለም።

ውኃ፣ ኦክስጅንና ግትርነት

የመጀመሪያው ትውልድ ለስላሳ ሌንስ ሀይድሮጀል ይባላል። በውስጡ 38 በመቶ ያህል ውኃ የያዘ ሲሆን፣ ኦክስጅንን የሚያሳልፈው በዚሁ ውኃ አማካኝነት ነው። ብዙ ውኃ የያዘ ሌንስ ብዙ ኦክስጅን ያሳልፋል። ሆኖም በደረቅና ነፋሻ አየር ውኃውን በቶሎ ይለቃል፤ ሲደርቅም ቅርጹ ይለወጣል፣ ይጠብቃል።

እ.ኤ.አ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲሊኮን ሀይድሮጀል ለገበያ ቀረበ። ሲሊኮን ኦክስጅንን ከውኃ በብዙ እጥፍ የሚያሳልፍ በመሆኑ የብሌን መታፈን በእጅጉ ቀነሰ። ነገር ግን ሲሊኮን ውኃን የሚገፋ፣ ቅባትን የሚስብ ነው። የመጀመሪያዎቹም ሌንሶች ግትር ነበሩ። ግትር ሌንስ ከዓይኑ ቅርጽ ጋር ተጣጥፎ ስለማይተኛ የብሌኑን የላይኛ ክፍልና የቆቡን ውስጠኛ ገጽ ሊፍቅ ይችላል። በኋላ የመጡት ሌንሶች ገጻቸው እርጥበት እንዲይዝ፣ ግትርነታቸውም እንዲቀንስ ተደርገዋል። ያም ሆኖ በሁሉም ረገድ አንደኛ የሚባል ቁስ እስካሁን የለም፤ አንዱን ያተረፈ ሌላውን ይከፍላል።

ደጋ፣ አቧራና ጢስ

የሌንስ ምቾት በለባሹ አካባቢም ይወሰናል። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ያለው የኦክስጅን መጠን በባሕር ወለል ካለው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል፤ እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ከዚያም ከፍ በሚሉ ከተሞች ይበልጥ ይቀንሳል። ለደጋ ነዋሪ እንግዲህ ኦክስጅን በደንብ የሚያሳልፍ ሌንስ መምረጥና አድርጎ የሚቆይበትን ሰዓት መመጠን ይገባል።

በበጋ ወራት የሚነሳው አቧራ፣ የማገዶና የዕጣን ጢስ፣ በአውድማ ላይ የሚበተነው ገለባና እብቅ ሌንስ ላደረገ ዓይን ፈታኝ ናቸው። ብናኝ በሌንሱና በብሌኑ መካከል ከገባ ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ይፍቃል። ጸረ-ተባይ ሲረጭ ደግሞ ሌንሱ ኬሚካሉን ይዞ ሊያቆይ ይችላል። በእርሻ ሥራ ላይ ቅጠል ወይም እሾህ ዓይንን ሲቧጭር በፈንገስ የሚመጣ ቁስለት ሊከተል እንደሚችል የታወቀ ነው። ሌንስ ከእነዚህ ሁሉ አይከላከልም። ለአጨዳ፣ ለውቂያና ለርጭት መነጽር ወይም የዓይን መከላከያ ማድረግ ይሻላል፤ ሌንሱን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ይቻላል።

ኢትዮጵያ በዓለም ላይ ትራኮማ በእጅጉ ከተስፋፋባቸው አገሮች አንዷ ናት። በተደጋጋሚ በትራኮማ የተያዘ ሰው የቆቡ ውስጥ ይጠባሰሳል፣ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ሊታጠፍ፣ እንባውም ሊጎድል ይችላል። በእንዲህ ያለ ዓይን ላይ በሚገባ የተሠራ ሌንስም ሊስማማ አይችልም። ባለሙያው ከልኬት በፊት የላይኛውን ቆብ ገልብጦ የሚያየው ይህንና መሰል ችግሮችን ለመለየት ነው። አዘውትሮ ዓይኑን የሚያሳክከው ሰውም ችግሩን አስቀድሞ መናገርና መታከም አለበት።

ለሠርግና ለፎቶ የሚደረጉ ባለቀለም ሌንሶች

የዓይንን ቀለም ለመለወጥ ብቻ የሚደረጉ ሌንሶች ቁጥር ስለሌላቸው እንደ ጌጥ ይታያሉ። ይሁን እንጂ ዓይን ላይ እስካረፉ ድረስ ጉብጠትም፣ ስፋትም፣ ጠርዝም፣ ውፍረትም አላቸው። ሳይለኩ ከሱቅ የተገዙ ከሆነ መጥበቅና መላላታቸው አይታወቅም። ቀለሙ ከገጻቸው ላይ የተነሳ እንደሆነ ደግሞ ገጹ ሻካራ ይሆናል። ከሁሉ የከፋው ሙሽራዋ ያወለቀችውን ሚዜዋ ማድረጓ ነው። ሌንስን መዋዋስ የአንዱን ዓይን ተሕዋስያን ለሌላው ማስተላለፍ ነው።

ልኩን ካገኙ በኋላ

በደንብ የተስማማ ሌንስም በአያያዝ ጉድለት ሊበላሽ ይችላል። የሚከተሉት ጥንቃቄዎች ለሁሉም ለባሽ የግድ ናቸው።

ሌንስ ከመንካት በፊት እጅን በሳሙና ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ ያስፈልጋል። በርበሬ ወይም ቃሪያ የነካ እጅ ደግሞ በተለይ ተደጋግሞ መታጠብ አለበት። ኩልና ሌላ ማስዋቢያ ሌንሱ ከገባ በኋላ ይቀባል።

ሌንስ በቧንቧ፣ በጉድጓድ፣ በወንዝ ወይም በዝናብ ውኃ፣ በምራቅም ቢሆን አይታጠብም። በውኃ ውስጥ የሚገኘው አካንታሜባ የተሰኘ ረቂቅ ነፍሳት የዓይን ብሌንን ክፉኛ የሚያቆስልና ለማከም አስቸጋሪ የሆነ ሕመም ያመጣል። ገላ ሲታጠቡ፣ ሲዋኙ፣ ጸበል ሲጠመቁም ሌንሱን አስቀድሞ ማውጣት ይገባል።

ለማጠቢያና ለማስቀመጫ የሚያገለግለው ለዚሁ የተዘጋጀው ፈሳሽ ብቻ ነው። አሮጌው ተደፍቶ በየቀኑ አዲስ ይደረጋል፤ በነበረው ላይ አይጨመርም። የማስቀመጫው ዕቃም በየሦስት ወሩ ይለወጣል። ለአንድ ቀን የተሠራ ሌንስ ለሁለተኛ ቀን፣ ለአንድ ወር የተሠራውም ከወሩ በላይ አያገለግልም። ባለሙያ ካልፈቀደ በቀር ሌንስ አድርጎ መተኛት የዓይን ብሌን ቁስለትን አደጋ በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

ዓይን ሲቀላ፣ ሲያም፣ ብርሃን ሲፈራ ወይም እይታ ሲደበዝዝ ሌንሱን ወዲያው አውጥቶ ወደ ዓይን ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። ሕመሙ ሌንሱ ከወጣ በኋላም ካልተሻለ ለነገ የሚባል አይደለም፤ የተደረገውን ሌንስም ይዞ መሄድ ለምርመራው ይረዳል።

ሌንስ ለመጀመር ያሰበ ሰው የዓይን ሐኪም ወይም እንደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባሉ ተቋማት የሠለጠነ የኦፕቶሜትሪ ባለሙያ ዘንድ ሄዶ ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይበጀዋል፦ ዓይኔ ሌንስ ለማድረግ ይፈቅዳል ወይ? የተመረጠልኝ ሌንስ በዓይኔ ላይ በልኩ ይንቀሳቀሳል ወይ? ለመከታተያ የምመለሰው መቼ ነው? ንጹሕ ውኃና ሳሙና እንደ ልብ በማይገኝበት፣ ፈሳሹንም በየጊዜው መግዛት በማይቻልበት ቦታ ለሚኖር ሰው ደግሞ የተሻለው ምርጫ መነጽር ነው። መነጽር ቢሰበር በሌላ ይተካል፤ የዓይን ብሌን ጠባሳ ግን በቀላሉ የሚተካ አይደለም።